የማን እንደራሴ?

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ሲፈታ «እንደ እኔ፣ እንደ ራሴ ሆነህ ቁምልኝ» ማለት ነው። በአገራችን የመንግሥት ቋንቋ ግን ይህ ቃል ሁለት ጌቶች ነበሩት። ራስ ተፈሪ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ነበሩ፤ እንደራሴነታቸውም የዘውዱ ነበር። ኋላ ሕዝብ ወደ ምክር ቤት የሚልከው ሰውም የሕዝብ እንደራሴ ተባለ። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ከ90 ዓመታት በላይ በየምክር ቤቱ የተቀመጡልን እንደራሴዎች የማን እንደራሴዎች ነበሩ? (ዘመናቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምክር ቤት የተወለደው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተፈረመው ሕገ መንግሥት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በምሳሌነት የወሰዱት የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። የጃፓኑ ሕግ፣ ድምፅ የመስጠት መብት በጥቂት ግብር ከፋዮች ቢወሰንም፣ የታችኛው ምክር ቤት በምርጫ እንዲቋቋም አድርጓል። የእኛው ግን ምርጫውን ተወው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጣሉ ተባለ።

«እስኪችል ድረስ» የምትለዋን ሐረግ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የሕዝቡን መቻልና አለመቻል የሚፈርደው ማን እንደሆነ፣ ፈተናውም መቼ እንደሚያበቃ አልተጻፈም። በእኔ እምነት የምክር ቤቶቻችን ታሪክ የዚህች ሐረግ ታሪክ ነው። ሐረጓ ከሕጉ ብትፋቅም ሐሳቧ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ስትወረስ ኖራለች።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያውን ምክር ቤት በሕዝብ ምርጫ የሚቋቋም አደረገው። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ገቡ። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ አምስት ጊዜ ተመርጧል። ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመወዳደርም የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ሊመረጥ ግን አይችልም። ውጤቱም የታወቀ ነው። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ሊያስተካክል የተረቀቀው ሕግ ባለርስቶች በበዙበት ምክር ቤት ተጓትቶ፣ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ምክር ቤቱም የጮኸው ለበላበት ነበር።

ነገር ግን ጥያቄው አልሞተም። ዋናው ነጥቤም ይኸው ነው። ወደ ላይ የሚያይ ምክር ቤት ጠብን አያጠፋም፤ ጠቡን ከአዳራሹ አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ እንደራሴ ነበረው፤ ሆኖም አቤቱታውን ይዞ የሄደው ወደ እንደራሴው ሳይሆን ወደ ነፍጡ ነው። ከብዙ ደም በኋላም ውዝፉን ግብር የማረው ዙፋኑ እንጂ ምክር ቤቱ አልነበረም። የጭሰኛውም ጥያቄ የተመለሰው ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች ባወጡት የመሬት አዋጅ ነው። ከዚህ ሕዝቡ የተማረው ትምህርት ምን ነበር? ለውጥ የሚመጣው በነፍጥና በአዋጅ እንጂ በተመረጠ ሰው አንደበት አይደለም የሚል መራራ ትምህርት አይደለምን?

ደርግ በተራው በ1979 ዓ.ም. 835 ወንበሮች ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ አስመረጠ። የንብረቱ መስፈርት ቀረ፤ በምትኩ የአንድ ፓርቲ ወንፊት መጣ። ሸንጎው በዓመት አንድ ጊዜ እየተሰበሰበ ሲያጸድቅ የአገሪቱ ዕጣ የሚወሰነው በሰሜን በጦር ሜዳ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል መንግሥቱ ከፍተኛ የሥልጣን አካል እንደሆነ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ አባሉን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ ያደርገዋል፤ የመራጩን አመኔታ ያጣ አባል እንዲወገድም ይፈቅዳል። ይሁንና ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ 547ቱንም ወንበሮች ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። ወራት ሳይቆዩ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ሰፊ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። መስከረም 29 ቀን 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንድም ተቃዋሚ የሌለበት አዳራሽና በተቃውሞ የሚናወጥ አገር! በ2013 ዓ.ም. ምርጫም ገዥው ፓርቲ ከ400 በላይ ወንበሮች ሲያገኝ፣ በትግራይ ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር ምርጫ አልተደረገም።

ፓርቲ አባላቱን በሥነ ሥርዓት ማሰለፉ በየትኛውም የፓርላማ ሥርዓት ያለ ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ጥያቄዬ ከዚያ በፊት ነው፤ ዕጩውን ማን አቀረበው? ዕጩነቱን ከላይ የተቀበለ ሰው ወደ ታች ሊመለከት ቢሻ እንኳ አንገቱ አይታዘዝለትም። ተማሪዎቼ ስለ ፓርቲ መሪዎች ሲከራከሩ ሰዓቱ አይበቃቸውም፤ የወረዳችሁን እንደራሴ ስም ጥሩልኝ ስላቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። እንደራሴው ያላወቀውን መራጭ፣ መራጩም አያውቀውም።

«ሕዝቡ ገና አልበሰለም» የሚለውን መልስ ግን አልቀበልም። ይህ ሕዝብ የእድሩን ዳኛ ይመርጣል፤ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ያላመነበትን ያወርዳል። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ሌሊት ተነሥቶ የተሰለፈውም ይኸው ሕዝብ ነው። ያልበሰለው ሌላ ነው።

ተስፋም አይቻለሁ። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ያ ሙሉ በሙሉ በግንባሩና በአጋሮቹ የተያዘ ምክር ቤት 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተዓቅቦ አሰማ። የድጋፉ ቁጥር መጀመሪያ 346 ተብሎ ተነግሮ በኋላ 395 ተብሎ መታረሙ ብዙ አነጋግሯል። እኔን የገረመኝ ግን 88ቱ ናቸው። እነዚያ እጆች ሲወጡ ሕጉ «ኅሊና» ያለው ነገር በዚያ አዳራሽ ለአንድ ቀን ታየ፤ የታየውም ሕዝቡ በየመንደሩ አምርሮ ስለተናገረ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በወረዳው ባሉ አባሎቻቸው ድምፅ ይምረጡ። ሁለተኛ፣ በእጅ ማውጣት የሚቆጠረው ድምፅ የእያንዳንዱን አባል ስም ይዞ ይመዝገብ፤ መዝገቡም ለመራጩ ይድረስ። ሦስተኛ፣ እንደራሴው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጀት ከመጽደቁ በፊት በወረዳው ሸንጎ ቀርቦ ይጠየቅ፤ ሰኔ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ዘር ካለፈ በኋላ እንደሚመጣ ዝናብ ነውና። ለእነዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም።

ነፍጥ፣ አዋጅና አደባባይ የምክር ቤቱን ሥራ ሲሠሩልን የከፈልነውን ዋጋ እናውቀዋለን። አዳራሹ ጠባችንን ተቀብሎ በቃል እንድንጨርሰው ካላደረገ፣ ጠቡ የሚሄድበትን መንገድ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቸር እንሰንብት።