ለሐኪሙ ያልተነገረው መጠጥ

ኬሞ የሚወስድ ሰው ባለበት ብዙ ቤት ውስጥ ሐኪሙ የማያውቀው መጠጥ አለ። ዝንጅብል ይሆናል፣ ጤና አዳም ይሆናል፣ ወይም ጎረቤት «እገሊትን ያዳናት ነው» ብላ ያመጣችው ቅጠል። በሐኪም «ይህን ካልተዉ እዚህ አይምጡ» የተባሉ እናት አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ መጠጣቱን አልተዉም፤ መናገሩን ተዉት።

ቅጠሉን የሚያስጠጣው ስቃይ እውነተኛ ነው። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ስለሚያጠቃ፣ በየጥቂት ቀኑ የሚታደሰው የአንጀት ሽፋንም አብሮ ይመታል። ለትልቁ አንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኢሪኖቴካን ደግሞ የባሰ ነው። ጉበት የመድኃኒቱ መርዝ ላይ ስኳር መሰል ነገር ለጥፎ ያበርደውና በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይሸኘዋል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያንን ስኳር ቆርጠው ሲወስዱት መርዙ እንደገና ይነቃል። ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲመላለስ የሚያድረው በዚህ ነው።

በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ ዩንግ ቺ ቼንግና ባልደረቦቹ ለዚህ መላ ፍለጋ የሄዱት 1,800 ዓመት ገደማ ወደ ኖረ የቻይና የተቅማጥ መድኃኒት ነው። ከአራት ዕፅዋት የሚቀመም ሲሆን አንዱ የቁርቁራችን ዘመድ የሆነ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ቅመሙን የጠጡ አይጦች አንጀታቸው ቶሎ አገገመ፤ ኢሪኖቴካን በዕጢው ላይ ያለው ኃይልም አልቀነሰም። የሚገርመው፣ መርዙን የሚያነቃው ያው የባክቴሪያ ኤንዛይም የቅመሙንም ንጥረ ነገሮች ፈትቶ የአንጀት ሴሎች እንዲታደሱ የሚያግዙ ማድረጉ ነው። አይጥ ግን ሰው አይደለም። ቅመሙም በየምርቱ ይዘቱ እንዳይለያይ በላቦራቶሪ የሚፈተሽ እንጂ ከጓሮ ተቆርጦ የሚፈላ አይደለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ጎኑ ነው። በአውሮፓ ለድብርት የሚወሰድ፣ የአሜጃ ዘመድ የሆነ ተክል አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ይህን ተክል ከኢሪኖቴካን ጋር ሲወስዱ ካንሰሩን የሚገድለው ንጥረ ነገር በደማቸው ውስጥ በ42 በመቶ ቀነሰ። እንዲህ ሲሆን ኬሞው ይቀላል። ሕመምተኛዋ «ቅጠሉ ጠቀመኝ» ትላለች፤ በእርግጥም ቀሏታል፤ የቀለለው ግን ካንሰሩም ላይ ነው። አንጀትን የጠበቀውን ቅጠል ካንሰርን ከጠበቀው፣ አልጋ ላይ ተኝቶ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ሐኪሞቻችን ቁጣውን ይተዉልን። «እማማ፣ እቤት ምን ይጠጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ከደም ምርመራው እኩል በካርዱ ላይ ቦታ ይኑረው። አስታማሚም ቅጠሉን ወይም ዱቄቱን በእጁ ይዞ፣ ኬሞው ከመሰቀሉ በፊት ያሳይ።