ቀረጥና ነጋዴ በሶንግ ነገሥታት ዘመን

በጥንቱ የቻይና ሥርዓት ሊቃውንት ከሁሉ በላይ፥ ገበሬዎች ከእነርሱ ቀጥለው፥ የእጅ ሙያተኞች በሦስተኛ ደረጃ ሲቈጠሩ፥ ነጋዴዎች ግን የመጨረሻውን ስፍራ ይይዙ ነበር። ይሁን እንጂ የሶንግ ነገሥታት (ከ960 እስከ 1279 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በማዕረግ ያሳነሱትን ነጋዴ በሥራ ያከብሩት እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል።

በጓንጆው በ971፥ በቹዋንጆውም በ1087 ዓ.ም. የተቋቋሙት የባሕር ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ከሩቅ አገር የሚመጡትን መርከቦች ተቀብለው፥ ዕቃውን መርምረው የመንግሥትን ድርሻ ያነሡ ነበር። ይህ ሳይፈጸም ጥቂት ዕቃ እንኳ በስውር የሸጠ ነጋዴ የቀረው ዕቃ ሁሉ ይወረስበት ነበር።

ነገር ግን ሕጉ ነጋዴውን ብቻ የሚያስር አልነበረም። በ1144 ዓ.ም. በካፉር፥ በዑድ፥ በቅርንፉድና በሄል ላይ ቀረጡ ከዐሥር አራት እጅ በሆነ ጊዜ የውጭ አገር ነጋዴዎች እጅግ ከበደን ብለው አቤት አሉ። በ1147 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ጋኦዞንግ መንግሥት በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ከዐሥር አንድ እጅ ብቻ እንዲወሰድ አዘዘ። የባዕድ ሰው አቤቱታ ከወደብ ተነሥቶ ቤተ መንግሥት ደርሶ፥ በትእዛዝ ተመልሶ መምጣቱ ሊደነቅ ይገባዋል።

ነጋዴን የሚያዳምጥ ሹም ዕውቀትንም ያተርፋል። የቹዋንጆው የባሕር ንግድ ሹም ጃው ሩጓ ከውጭ ነጋዴዎች ጠይቆ በ1225 ዓ.ም. ባዘጋጀው መጽሐፍ፥ ሊቃውንት የበርበራ ጠረፍ ነው የሚሉትን አገር ከዝሆን ጥርሱና ከዐምበሩ ጋር መዝግቦታል። እንዲህ ሆኖ የእኛ የባሕር ዳርቻ ዕቃ በሩቅ ምሥራቅ ታወቀ።

ነጋዴ ትርፉን ብቻ ስለሚያስብ በኀይል ካልተያዘ አይገዛም የሚሉ አሉ። የሚንግ መንግሥት መሥራች በ1371 ዓ.ም. ሕዝቡ በግሉ ወደ ባሕር ወጥቶ እንዳይነግድ ከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ኮንትሮባንድና የባሕር ወንበዴነት እየበረታ ሄደ፤ በ1567 ዓ.ም. ክልከላውን ማላላት ግድ ሆነ።

እንግዲህ ሹም የሚያስከፍለውን ልክ አስቀድሞ ያስታውቅ፥ ከበደን የሚለውንም ይስማ። ነጋዴም ዕቃውን ሳይሸሽግ ያስመዝግብ፤ ዕቃውን የደበቀ ሰው ቀረጥ በዛብኝ ብሎ አቤት ለማለት አፍ የለውምና።