አረንጓዴው አገርና የልጆቹ ደብተር

ብዙዎቻችን አየርላንድን የምናውቃት በአውሮፕላን መስኮት ነው። የአየር መንገዳችን የዋሽንግተን በረራ ለዓመታት ደብሊን ላይ ነዳጅ ይቀዳ ስለነበር፣ አሜሪካ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሁሉ "አየርላንድ አርፌ አውቃለሁ" ይላል፤ ከመቀመጫው ሳይነሳ። እኔም ለአጭር ሥልጠና ሄጄ የተረፉኝን ስድስት ቀናት በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ ባልሄድባቸው ኖሮ የተሻለ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ስለ ውበቱ ብዙ አልልም፤ ፎቶው ስልካችሁ ላይ አለ። የሞኸር ገደል ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ 214 ሜትር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዝናቡ በቀን አምስቴ ይመጣል፣ አምስቴ ይሄዳል። መስኩ መስከረም ላይ ያለ ጎጃም ይመስላል።

እኔን የገረመኝ አንዲት እሾኻም ዛፍ ናት። ክሌር በሚባለው አውራጃ፣ ላቱን አካባቢ፣ አውራ ጎዳና ዳር ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1999 መንገድ ሊሠራ ሲል ልትቆረጥ ነበር። ኤዲ ሌኒሃን የተባለ ተረት ነጋሪ ተነሳና፣ ዛፏ የማይታዩት ፍጥረታት መሰብሰቢያ ናት፣ ከተነካች በመንገደኛው ላይ አደጋ ይመጣል ብሎ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ወሬው አገር ተሻግሮ ተሰማ። በመጨረሻ ዛፏ ተረፈች፤ መንገዱ በአጠገቧ አለፈ። ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ አድባር ነው። ልዩነቱ እኛ ጋ የአድባር ዋርካ ሲቆረጥ የሚከራከሩት ሁለት አሮጊቶች ብቻ መሆናቸው ነው፤ የሚሰማቸውም የለም።

ከዚያ አቺል ደሴት ደረስኩ። ስሊቭሞር ተራራ ሥር 80 ያህል ጣሪያ አልባ የድንጋይ ቤቶች ተደርድረዋል። በጎች ይገቡባቸዋል፣ ይወጡባቸዋል። ከረሃቡ በኋላ ነዋሪው ቀስ በቀስ የለቀቀው መንደር ነው። አካባቢውን ልብ ብሎ ላየ፣ ሣሩ ልሙጥ አይደለም። ፀሐይ ከጎን ስትመታው ጎን ለጎን የተሰመሩ መደቦች ይታያሉ፤ በእጅ ተቆፍረው ድንች ይተከልባቸው የነበሩ ናቸው። ፎቶ ላነሳ ያወጣሁትን ስልክ መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

የድንች በሽታው የገባው በ1845 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተሰደደ። በ1841 የደሴቲቱ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ዛሬ ሰሜን አየርላንድን ጨምሮ 7 ሚሊዮን ያህል ነው። ያን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ አልሞላም። ልብ በሉ፣ ዝናብ አልጠፋም። ሰው እየሞተ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። እኛ ስለ ረሃብ ስናወራ "ድርቅ" ብለን እንጀምራለን፤ ደመና ቢከሰስ የሚቀየም ባለሥልጣን የለምና። እነሱ ግን በደመና ማሳበብ አይችሉም።

ይህንን ታሪክ ባለሙያዎች ከመዝገብ አውጥተው ጽፈውታል። እኔን ግን የያዘኝ የልጆቹ ደብተር ነው። መንግሥት በ1935 የፎክሎር ኮሚሽን አቋቋመ። ከ1937 ጀምሮ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በድርሰት ክፍለ ጊዜያቸው ፋንታ አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እየጠየቁ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ተረት፣ የመድኃኒት ቅጠል፣ የዝናብ ምልክት፣ የረሃቡ ዘመን ወሬ። ከ5 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችና ከ50 ሺህ በላይ ልጆች ተሳተፉ። አገሪቱ ያኔ ራሷን ማስተዳደር ከጀመረች ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ ሀብታምም አልነበረችም። ዛሬ የልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ይነበባል። የኮሚሽኑን ስብስብም ዩኔስኮ በ2017 በዓለም ትውስታ መዝገቡ አስፍሮታል።

"አሮጊት ያወራችው ሁሉ ታሪክ ነው ወይ?" የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። ግን የእኔን አያት ልንገራችሁ። የወሎ ሰው ነበረች፣ ስልሳ ስድስትንም ሰባ ሰባትንም ያየች። ከእሷ የቀረኝ ስልኬ ላይ ያለ የአራት ደቂቃ ድምፅ ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ስልሳ ስድስት ስታወራ "እህሉማ ገበያ ላይ ነበር፣ መግዣው ነው የታጣው" ትላለች። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ የወሎ ረሃብ የደረሰበት ድምዳሜ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። እሱ በኋላ ኖቤል ተሸልሟል። እሷን የጠየቃት እንኳ አልነበረም፤ እኔም የቀዳኋት ቡና እስኪፈላ ጊዜ ለማሳለፍ ብዬ ነው።

ሰሞኑን ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ሐላላ ኬላ ሲባል እንሰማለን። ሎጅ መሠራቱን አልቃወምም፤ ንጹሕ አልጋና ሙቅ ሻወር የሚጠላ ጋዜጠኛ አላውቅም። ግን ጎብኚው ፎቶውን አንስቶ ሲጨርስ የምንነግረውን ማን እየሰበሰበ ነው? ከየክልሉ ተረቶቻችንን አሰባስቦ ኢንተርኔት ላይ ካኖሩልን ሥራዎች አንዱ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ የተሠራው የብሪታንያዊቷ ደራሲ የኤልዛቤት ሌርድ ሥራ ነው። እናመሰግናታለን፣ እናፍራለንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፎክሎር ተማሪዎችም ብዙ ደክመዋል፤ ሥራቸው ግን ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወርዶ ሰው እጅ ሲገባ አላየሁም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ለአንድ ዓመት፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ወደ አያቶቻቸው ይላክ። በየትኛውም ቋንቋ ይጻፉት። ሰባ ሰባትን በአካለ መጠን ያየ ሰው ዛሬ ትንሹ ስልሳ ሊሞላው ነው፤ ስልሳ ስድስትን ያየው ደግሞ ከሰባ ይጠጋል ወይም አልፏል። ከናንተ መካከል መምህራን ካላችሁ ሚኒስቴሩን ሳትጠብቁ በራሳችሁ ክፍል መጀመር ትችላላችሁ፤ ደብተሩ እንደሆነ ልጆቹ ቦርሳ ውስጥ አለ።

በቅጂው መጨረሻ ላይ አያቴ በሰባ ሰባት ለሰፈራ ተጭና ወደ ወለጋ ስለሄደች ታናሽ እህቷ ትጀምርና "ቆይ፣ ቡናው ገነፈለ" ብላ ትነሳለች። ድምፁ እዚያ ላይ ይቋረጣል። የእህትየዋን ስም ከቤተሰቡ የሚያውቅ አንድ አጎቴ ብቻ ቀርቷል፤ ቅዳሜ ልደውልለት ነው።