ድምፁን የዋጠው ተዋናይ

የተዋናዩ የደበበ እሸቱ ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያወራው ስለ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር፣ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባህርይ ይዞ ሆሊዉድ ፊልም ውስጥ መታየት ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ያ የድብድብ ፊልም ነው፤ ልኩ የተወሰደው ለዋናው ገጸ ባህርይ ለሻፍት ብቻ ነው።

እኔ የምመርጠው ከ41 ዓመት በኋላ የመጣውን፣ እዚህ አገር ስሙ እምብዛም ሲጠራ የማልሰማውን «ቀይ ቅጠሎች»ን ነው። ባዚ ጌቴ እስራኤል ውስጥ የሠራው፣ ከሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» የተነሳ ፊልም ነው። ደበበ የሚጫወተው፣ ሚስቱ የሞተችበት ቤተ እስራኤላዊ ሽማግሌ አፓርታማውን ሸጦ ተራ በተራ ልጆቹ ቤት ሊጦር ይነሳል። ሊር የሚያካፍለው መንግሥት ነበረው። ለዚህ አባት ግን የቀረው አባትነቱ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ያደጉበት አገር ደግሞ ለአባትነት ያን ያህል ቦታ የለውም።

ጋሽ ደበበ የድምፅ ትውልድ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በሬዲዮ የተረከበት ትውልድ! በቴአትር መድረክ ላይ ፉከራው ብቻ ሳይሆን ሹክሹክታውም የኋላው ወንበር መድረስ አለበት። ደረት ይነፋል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ቃል ይጎተታል። ይኸው ነገር ካሜራ ፊት ሲመጣ ጩኸት ይሆናል። (የቴሌቪዥን ድራማዎቻችንን ለማየት ሪሞት በእጃችሁ የምትይዙ ታውቁታላችሁ።)

በ«ቀይ ቅጠሎች» ጋሽ ደበበ ያን ሁሉ ድምፅ ውጦታል። ካሜራው ከአጠገቡ አይለይም፤ እሱ ግን ለካሜራው ምንም አይጨምርለትም። ግትሩ አባት ሲከፋው ፊቱ ይዘጋል እንጂ አይነግረንም። እንዲያሳዝነንም አይለማመጠንም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ያናድደናል፤ ከልጆቹ ጋር ሆነን «አሁንስ አበዙት» እንላለን። አዛውንት ሲጫወቱ ወዲያው ወደ ምርቃትና እንባ ለሚሮጡ ተዋንያኖቻችን ይህ ከባድ ፈተና ነው።

ደበበ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ታስሮ ነበርና ያ ዝምታ ከእስር ቤት የመጣ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አልቀበልም። ታስሮ የወጣ ሁሉ እንዲህ አይተውንም። ሰውየው የመድረክን ጉልበት ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው መቼ እንደማያስፈልግ ያወቀው።

«ሊር»ን የሚያጠኑ የቴአትር ተማሪዎቻችን ይህን ፊልም ሊያዩት ይገባል። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው፣ ከዚያ ከፍተው።