አንዲት ቀን ስንት ታወጣለች? የአገልግሎት ጊዜ ቆጠራና የቤዝቦል ተጫዋቾች የደመወዝ ግልግል መብት

መግቢያ

በ2015 የውድድር ዘመን ዋዜማ በተደረጉት የዝግጅት ጨዋታዎች ክሪስ ብራያንት የተባለው የቺካጎ ከብስ ወጣት ተጫዋች 9 ሆም ረን በመምታት ከሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ሁሉ ልቆ ታይቶ ነበር። ሆኖም ውድድሩ ሲከፈት ስሙ በዋናው ቡድን ዝርዝር አልተገኘም። ከታችኛው ሊግ ተጠርቶ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ኤፕሪል 17 ቀን፣ ውድድሩ ከተከፈተ ከ12 ቀናት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብራያንት በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በዓመቱ መጨረሻ የተመዘገበለት የአገልግሎት ጊዜ ግን 171 ቀን ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት አገለገለ ለመባል የሚያስፈልገው 172 ቀን ነው።

የዚህች የአንዲት ቀን ጉድለት ተጫዋቹ ነፃ ሆኖ ቡድኑን የሚመርጥበትን ጊዜ በአንድ ሙሉ ዓመት አራዝማዋለች። ከዚህ ተነሥቶ ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ አንድ ነጥብ ነው። የአገልግሎት ጊዜን የደመወዝ መብት መለኪያ ማድረግ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ መብቱን በአንዲት ቀን ድንበር ላይ ማንጠልጠሉና የቀኑን ቆጠራ ከውጤቱ ተጠቃሚ በሆነው ወገን እጅ መተዉ ነው።

ቆጠራው እንዴት ይሠራል?

የሜጀር ሊግ ቤዝቦል መደበኛ የውድድር ዘመን 187 ቀናት ገደማ ይፈጃል። አንድ ተጫዋች በቡድኑ የ26 ሰዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ወይም በዋናው ቡድን የጉዳተኞች መዝገብ ላይ ሆኖ ያሳለፈው እያንዳንዱ ቀን ይቆጠርለታል። በዚያ ቀን ሜዳ መግባቱ ወይም ተቀያሪ ሆኖ መዋሉ ለውጥ አያመጣም። 172 ቀን የሞላለት አንድ ዓመት አገለገለ ይባላል፤ ትርፉ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ተጫዋቹ ወደ ታችኛው ሊግ ሲላክ ቆጠራው ይቆማል። ከዚህ የሚለየው፣ አስቀድሞ በክለቡ የ40 ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የነበረ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ታች የቆየባቸው ቀናት ድምር ከ20 ያነሰ ሲሆን ነው፤ በዚህ ጊዜ ቀኖቹ ይታሰቡለታል። ብራያንት በወቅቱ በዚያ ዝርዝር ስላልነበረ ይህ ድንጋጌ አልጠቀመውም።

በዚህ ቆጠራ መሠረት የተጫዋቹ የሥራ ዘመን በሦስት ይከፈላል። ከ3 ዓመት በታች ያገለገለ ተጫዋች ደመወዙን በመሠረቱ የሚወስንለት ክለቡ ነው፤ ተጫዋቹን የሚጠብቀው የኅብረት ስምምነቱ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ ብቻ ሲሆን፣ ይህም በ2022 ከነበረበት 700,000 ዶላር ተነሥቶ በ2026 ወደ 780,000 ዶላር እንዲያድግ ተደርጓል። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያገለገለው ግን በደመወዙ ከክለቡ ጋር ካልተስማማ ጉዳዩን ወደ ግልግል ዳኝነት ማቅረብ ይችላል። 6 ዓመት ሲሞላው ነፃ ተጫዋች ይሆናል፤ ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋላል።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል መካከል «ሱፐር ቱ» የሚባል ልዩ መደብ አለ። ከ2 ዓመት በላይ ከ3 ዓመት በታች ካገለገሉት መካከል፣ ባለፈው የውድድር ዘመን ቢያንስ 86 ቀን ያስመዘገቡና በአገልግሎት ጊዜ ብዛት ከላይ ያሉት 22 ከመቶ የግልግል መብታቸውን አንድ ዓመት ቀድመው ያገኛሉ። ድንበሩ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ባለፉት ዓመታት በአብዛኛው በ2 ዓመት ከ115 ቀን እና በ2 ዓመት ከ140 ቀን መካከል ሲዋዥቅ ቆይቷል።

ድንበሩ ከየት መጣ?

እነዚህ ቁጥሮች ከተጫዋቾች ብቃት ጥናት የተገኙ ሳይሆኑ የድርድር ውጤቶች ናቸው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ክለቦች በውል ውስጥ በነበረው የማቆያ አንቀጽ አማካይነት ተጫዋቹን ዓመት በዓመት እያደሱ ያለ ገደብ ይይዙት ነበር። ከርት ፍለድ ይህን ተቃውሞ ያቀረበውን ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ውድቅ አደረገበት። በማርቪን ሚለር የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር በ1973 በተደረሰው ስምምነት የደመወዝ ግልግልን አስገኘ፤ የመጀመሪያዎቹ ችሎቶችም በ1974 ተሰሙ። በ1975 መጨረሻ የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትዝ በአንዲ ሜሰርስሚዝና በዴቭ ማክናሊ ጉዳይ ክለቦች ውልን ያለ ገደብ ማደስ አይችሉም ብለው ሲወስኑ የማቆያው ሥርዓት ፈረሰ። የ6 ዓመቱ ድንበር የተበጀው ከዚህ በኋላ በ1976 በተደረገው ድርድር ነው።

የግልግሉም ድንበር ቢሆን ቋሚ ሆኖ አልኖረም። ቀድሞ 2 ዓመት የነበረው በ1985 ስምምነት ወደ 3 ዓመት ከፍ አለ። በ1990 ክለቦች የዝግጅት ሰፈሮቻቸውን ዘግተው ከቆዩ በኋላ በተደረሰው ስምምነት 17 ከመቶው የሱፐር ቱ መብት አገኘ፤ በ2011 ስምምነት ደግሞ 22 ከመቶ ሆነ። ድንበሩ ይህን ያህል ጊዜ በድርድር ከተለወጠ፣ ዛሬም ቢሆን የማይነካ ሕግ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በሩም ሚዛኑም አንድ ነው

የቤዝቦል ግልግል ከተለመደው ዳኝነት ይለያል። ተጫዋቹና ክለቡ እያንዳንዳቸው አንዳንድ የደመወዝ መጠን ያቀርባሉ፤ ሦስት አባላት ያሉት የግልግል ጉባኤ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል እንጂ መካከለኛ ቁጥር አያወጣም። ለምሳሌ በ2023 የሚልዋኪ ብሩወርሱ ኮርቢን በርንስ 10.75 ሚሊዮን ዶላር፣ ክለቡ 10.01 ሚሊዮን ዶላር አቅርበው ጉባኤው የክለቡን ቁጥር ተቀብሏል። ጉባኤው ከሚመዝናቸው ነገሮች መካከል የተጫዋቹ ያለፈው ዓመት አስተዋጽኦ፣ የአገልግሎቱ ርዝመትና ጽናት፣ የቀድሞ ደመወዙና የአቻዎቹ ደመወዝ ይገኙበታል። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ላገለገለ ተጫዋች ንጽጽሩ የሚያተኩረው በእርሱ የአገልግሎት መደብ ወይም ከእርሱ በአንድ መደብ ከፍ ባሉት ላይ ነው።

እንግዲህ የአገልግሎት ጊዜ ወደ ግልግል የሚያስገባ በር ብቻ ሳይሆን፣ ከገቡም በኋላ የሚመዘኑበት ሚዛን ነው። የመጀመሪያው የግልግል ደመወዝ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው መነሻ ይሆናል። አንድ ዓመት ዘግይቶ የገባ ተጫዋች የሚያጣው የዚያን ዓመት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ተከታዮቹ ደመወዞቹም ከዝቅተኛ መነሻ ይጀምራሉ።

የልዩነቱን ስፋት ለማየት የብራያንትን ደመወዝ መመልከት ይበቃል። በ2017 ክለቡ የወሰነለት 1.05 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2018 ወደ ግልግል መብት ሲሸጋገር፣ ጉዳዩ ወደ ችሎት ሳይደርስ፣ በ10.85 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ድንበሩን ማለፍ ደመወዙን በአሥር እጥፍ ገደማ አሳድጎታል።

ሁለት ድንበሮች፣ ሁለት መዘግየቶች

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። ብራያንት በ2017 መጨረሻ 2 ዓመት ከ171 ቀን ስለነበረው በሱፐር ቱ በኩል ግልግል ውስጥ ገብቷል። ያች የጎደለችው ቀን ብትሟላለትም ኖሮ 3 ዓመት ሞልቶት በዚያው ጊዜ ይገባ ነበር። ስለዚህ በኤፕሪል የተደረገው የሁለት ሳምንት ያህል መዘግየት የግልግሉን መጀመሪያ አልነካም፤ የነካው መጨረሻውን ነው። ሦስት የግልግል ዓመታት የነበሩት ተጫዋች አራት ሆኑለት፤ ነፃነቱም ከ2020 ወደ 2021 መጨረሻ ተሻገረ።

የግልግሉን መጀመሪያ የሚነካው ሌላ ዓይነት መዘግየት ነው። ክለቡ ወጣቱን እስከ ሜይ መጨረሻ ወይም እስከ ጁን መጀመሪያ ታች ካቆየው፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከሱፐር ቱ ድንበር በታች ይቀራል፤ ተጨማሪ አንድ ዓመትም ወደ ዝቅተኛው ደመወዝ በተጠጋ ክፍያ ይጫወታል። ከድንበሩ በሁለት ቀን ከፍና ዝቅ ያሉ፣ በብቃት የሚስተካከሉ ሁለት ተጫዋቾች በዚያ ዓመት የሚለያዩት በሚሊዮኖች ሊሆን ይችላል።

ቆጣሪው ማን ነው?

የክለቦቹ መከራከሪያ ቀላል የሚባል አይደለም። ወጣቶችን ለዓመታት አሠልጥነው የሚያወጡት እነርሱ ናቸው፤ ከብዙዎቹ ሠልጣኞች ዋናው ቡድን የሚደርሱት ጥቂቶች በመሆናቸው፣ በደረሱት ላይ የተወሰነ የቁጥጥር ዘመን ያስፈልገናል ይላሉ። በተለይ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ክለቦች ያለዚህ ዘመን ከባለጠጎቹ ጋር መፎካከር ይከብዳቸዋል። አንድ ወጣት መቼ እንደበሰለ መወሰንም የአሠልጣኞች ሙያዊ ፍርድ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን የሚያስረዳው የቁጥጥር ዘመን ስለ መኖሩ እንጂ ዘመኑ በአንድ ወገን ውሳኔ ስለ መራዘሙ አይደለም። 6 ዓመት ተብሎ የተደራደሩበትን ዘመን ወደ 7 ዓመት የተጠጋ ማድረግ ድርድሩን በጓሮ በር መለወጥ ነው። ብራያንት ያቀረበው ቅሬታ የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። ክለቡ መዘግየቱን በስፖርታዊ ምክንያት አስረድቷል፤ ገለልተኛው የግልግል ዳኛ ማርክ ኧርቪንግስ በ2020 መጀመሪያ ለክለቡ ፈረዱ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም በተጫዋቹ ላይ መውደቁ ነው። የክለቡ ሐሳብ ያለው በክለቡ ልብ ውስጥ ነው፤ «መከላከያው ገና ይሻሻል» የሚለውን ምክንያት ማን ሊያስተባብለው ይችላል?

በሌላ በኩል በፌብሩዋሪ 2021 የሲያትል ማሪነርስ ፕሬዚዳንት ኬቪን ማዘር ለአንድ የሮታሪ ክለብ ባደረጉት ንግግር፣ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶች ወደ ዋናው ቡድን የሚመጡበትን ጊዜ ከአገልግሎት ቆጠራው ጋር አያይዘው በግልጽ ተናገሩ። ንግግሩ በሰፊው በተሰማ ማግስት ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ድርጊቱን ማስረዳት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ሐሳቡ በክለቦች ዘንድ እንግዳ አለመሆኑን ይህ አጋጣሚ አሳይቷል።

የ2022 ማሻሻያና ጉድለቱ

ለ99 ቀናት ከዘለቀው የሥራ መዝጋት በኋላ በማርች 2022 የተደረሰው የኅብረት ስምምነት ችግሩን በከፊል ተቀብሏል። በምርጥ አዲስ ተጫዋችነት ምርጫ ከየሊጉ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡ፣ አስቀድሞ ከፍተኛ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶች ዘግይተው ቢጠሩም የሙሉ ዓመት አገልግሎት ይታሰብላቸዋል። የባልቲሞር ኦሪዮልሱ አድሊ ረችማን ሜይ 21 ቀን 2022 ተጠርቶ ሁለተኛ በመውጣቱ ሙሉ ዓመት አግኝቷል። የፒትስበርግ ፓይረትሱ ፖል ስኪንስም በሜይ 2024 ጀምሮ በማሸነፉ እንዲሁ ሆኖለታል። እንዲህ ያለውን ወጣት ከመጀመሪያው ቀን ያሰለፈ ክለብ ደግሞ ተጫዋቹ ሲሸለም በወጣቶች ዓመታዊ ምርጫ ተጨማሪ ዕድል ያገኛል። ለግልግል ላልደረሱ 100 ተጫዋቾች የሚከፋፈል የ50 ሚሊዮን ዶላር የጉርሻ ገንዘብም በየዓመቱ ተመድቧል።

እነዚህ መልካም እርምጃዎች ናቸው፤ ነገር ግን የታደጉት ከዋክብቱን ነው። በድምፅ መስጫው ስሙ የማይነሣ፣ በየወሩ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች የሚመላለስ ወርዋሪ ሽልማት አያድነውም። የሥራ ዘመኑ አጭር በመሆኑ 6 ዓመት ላይደርስ ይችላል፤ ለእርሱ ትልቁ ተስፋ የግልግሉ ድንበር ነው። ማኅበሩ በድርድሩ ወቅት 2 ዓመት ያገለገሉ ሁሉ የግልግል መብት እንዲያገኙ ጠይቆ የነበረ ቢሆንም፣ በመጨረሻ 22 ከመቶው ባለበት ቀርቷል።

ምን ይደረግ?

በዚህ ጸሐፊ እምነት መፍትሔው ድንበሩን ከ3 ወደ 2 ዓመት ማውረድ ብቻ አይደለም፤ ገደሉ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይደለደልም። የሚሻለው ገደሉን ዳገት ማድረግ ነው። 2 ዓመት የሞላው ተጫዋች ሁሉ ግልግል ውስጥ ይግባ፤ ሆኖም በሦስተኛው ዓመት ያስመዘገበው ቀን ለ172 ተካፍሎ፣ በዝቅተኛው ደመወዝና በግልግል በሚወሰነው ደመወዝ መካከል ካለው ልዩነት የሚደርሰው በዚያ መጠን ይሁን። 86 ቀን ያለው ግማሹን፣ 129 ቀን ያለው ሦስት አራተኛውን ያገኛል። ያን ጊዜ የአንዲት ቀን ዋጋ የአንዲት ቀን ዋጋ ብቻ ይሆናል። ክለቡ ወጣቱን ታች በማቆየት የሚያተርፈው ነገር ጨርሶ ባይጠፋም፣ ቀናትን እያሰላ እንዲጠብቅ የሚገፋፋው ግን አይሆንም። 22 ከመቶ የሚለውንና ተጫዋቹ በሌሎች ሰዎች ቆጠራ የሚወሰንበትን ተለዋዋጭ ድንበርም ያስቀራል።

ነፃ መሆን በከፊል የሚሰጥ ነገር ባለመሆኑ ይህ ስሌት ለ6 ዓመቱ ድንበር አይሠራም። ለዚያ የሚያስፈልገው የማስረዳት ሸክሙን ማዞር ነው። አንድ ተጫዋች ሙሉ ዓመት ለመባል ከ20 ያነሱ ቀናት ሲጎድሉት፣ መዘግየቱ በስፖርታዊ ምክንያት መሆኑን ክለቡ ያስረዳ፤ ካላስረዳ ዓመቱ ይሞላለት። ለ40 ሰዎች ዝርዝር አባላት የሚሠራው የ20 ቀን ድንጋጌ አስቀድሞ ስላለ፣ ሐሳቡ ለሥርዓቱ እንግዳ አይደለም።

ማጠቃለያ

መብትን በጊዜ መለካት በየትኛውም የሥራ ዘርፍ የተለመደ ነው፤ መለኪያው ለሁሉም እኩል ስለሚመስል ተቀባይነቱም ከፍ ያለ ነው። ይሁንና ጊዜ ገለልተኛ የሚሆነው ማንም ሊያስቆመው በማይችልበት ጊዜ ብቻ ነው። በቤዝቦል ሰዓቱን የሚያስቆመው ከፋዩ ነው። በ2022 የተፈረመው የኅብረት ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። ተደራዳሪዎቹ ስለ ቁጥሮቹ መጠን ብዙ እንደሚከራከሩ አይጠረጠርም። ከቁጥሮቹ በፊት ግን ቆጣሪው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሊቀድም ይገባል፤ ይህ ሳይመለስ የሚቀመጥ ማንኛውም ድንበር ሌላ 171ኛ ቀን መውለዱ አይቀርም።