በሰው ላይ ከመሞከር በፊት፦ የድንገተኛ ሕክምና ልምምድ ለገጠሩ ምን ይፈይዳል?

ጎንደር፦ «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አባባል ሕዝቡ ለባለሙያ የሰጠውን አደራ ያሳያል። ታማሚው ሕይወቱን አሳልፎ የሚሰጠው ሐኪሙ ወይም አዋላጇ የሚያደርጉትን ያውቃሉ ብሎ አምኖ ነው። አባባሉ ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ባለሙያው እጁን የሚያፍታታው በማን ላይ ነው?

ጥያቄው ጠዳ ላይ ሲነሣ ትርጉም አለው። ከጎንደር በስተደቡብ፣ አዘዞን አለፍ ብሎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። እንዲህ ካሉ የክልሉ ኮሌጆች የሚመረቁ ወጣት ባለሙያዎች ብዙዎቹ የሚመደቡት በገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ከዳባት ወይም ከጃናሞራ ገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ተሸክመው የሚያመጧትን እናት በሌሊት የሚቀበላት ልምድ ያካበተ ስፔሻሊስት ሳይሆን ምናልባት በቅርቡ የተመረቀች አዋላጅ ናት። ስለዚህ ተማሪዎች በኮሌጅ ውስጥ የሚለማመዱበት መንገድ የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው።

ሲሙሌሽን የሚባለው የሥልጠና ዘዴ እውነተኛውን አደጋ አስመስሎ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ ደጋግሞ መሥራት ማለት ነው። አብራሪ መንገደኛ ጭኖ ከመብረሩ በፊት በምስለ በረራ መሣሪያ ላይ ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ይለማመዳል። በሕክምናው ዘርፍ ዘዴው የተስፋፋው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 አስሙንድ ላርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ባለቤት የሰው አምሳያ ከሠራ በኋላ ነው። በዚህ አምሳያ ላይ ሠልጣኙ ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫን ይማራል። ለአዋቂ ሰው ደረቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መግባት፣ በደቂቃም ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን አለበት። ይህን ቁጥር መሸምደድ ቀላል ነው፤ እጅ የሚያውቀው ግን በመደጋገም ብቻ ነው።

ለእናቶችና ለጨቅላ ሕፃናት የተሠሩት አምሳያዎች ደግሞ ለገጠሩ የበለጠ ቅርብ ናቸው። አንዱ አሠልጣኙ በሆዱ ላይ የሚታጠቀው ሲሆን፣ ከውስጡ ቀይ ፈሳሽ እየለቀቀ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስን ያስመስላል። ሠልጣኟ ማሕፀኑን ካላሸች፣ ኦክሲቶሲን ካልሰጠችና ርዳታ ካልጠራች ደሙ አይቆምም። ሌላው በውኃ ሲሞላ የጨቅላ ሕፃን ክብደት የሚይዝ አሻንጉሊት ነው። ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን ማድረቅ፣ ማነቃቃት፣ ካስፈለገም በጭንብልና በፊኛ አየር መስጠት በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። እነዚህ አሻንጉሊቶች ኤሌክትሪክ አያስፈልጋቸውም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያም ይሠራሉ።

አሠራሩ ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። ወይፈን የሚገራው ከሠለጠነ በሬ ጋር ተጠምዶ፣ ሥራው ሳይበረታ ነው፤ ዘር በሚዘራበት ቀን ቀንበር የሚያስለምድ ገበሬ የለም። ላሞችን የሚያዳቅሉ ባለሙያዎችም በሕይወት ባለች ላም ላይ ከመሥራታቸው በፊት ከቄራ በመጣ የላም ማሕፀን ላይ ይለማመዳሉ። ለላም የተደረገው ጥንቃቄ ለእናት ሊቀር አይገባም።

ጉዳዩን ዛሬ አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላ ለውጥ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 26 ብቻ ነበሩ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 48 ከፍ ብሏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ያስተማሩት ትምህርት ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። ነገር ግን የ2016ቱ ጥናት በየ100 ሺህ በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች፣ በየ1 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት ደግሞ 29ኙ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ አሳይቷል። እናቲቱ «ጤና ጣቢያ ውለጂ» የተባለችውን ሰምታ ከመጣች፣ ቀሪው ዕዳ የጤና ተቋሙ ነው። በር ላይ ደርሳ ባለሙያው ከደነገጠ፣ የሚጎዳው እርሷ ብቻ ሳትሆን የመንደሩ እምነት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ምዘና ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 በስኮትላንድ የተጀመረ አንድ የፈተና ዓይነት አለ። ተፈታኙ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በተወሰነ ደቂቃ የታዘዘውን በእጁ ይሠራል፤ መዛኙም እያንዳንዱን ርምጃ በመዘርዝር ላይ ምልክት ያደርጋል። በዘመድ ወይም በቃላት ማሳመር የሚገኝ ነጥብ አይኖርም፤ ደሙ ቆሟል ወይስ አልቆመም የሚለው በግልጽ ይታያል። በሀገራችን በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለጤና ተመራቂዎች የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና ግን በአመዛኙ የጽሑፍ ነው። በወረቀት ላይ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ ዕውቀትን ይለካል፤ ሌሊት በባትሪ ብርሃን የሚንቀጠቀጥን እጅ ግን አይለካም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከምረቃ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ያልተደጋገመ ክህሎት በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር የሚገኘው የሃይዶም ሆስፒታል ተሞክሮ ለዚህ ምስክር ነው። በመጀመሪያ ሠራተኞቹ ጨቅላ ሕፃናትን ስለማስተንፈስ የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ፤ በልምምዱ ላይ ቢሻሻሉም በወሊድ ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት አልተለወጠም። በኋላ አሻንጉሊቱ በሥራ ቦታቸው ተቀምጦ አጭር ልምምድ በየጊዜው ሲያደርጉ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ሕፃናት ከ1 ሺህ ወደ 11 ከነበሩበት ወደ 7 ዝቅ አሉ። ለውጡን ያመጣው የመሣሪያው ውድነት ሳይሆን የልምምዱ መደጋገም ነው።

ጎንደር ለዚህ ሐሳብ መሠረት ያላት ከተማ ናት። በደንቢያ ቆላ ድባ አካባቢ የተነሣ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውጥቶ በቡድን ያሠለጥን ነበር። ድንገተኛ ሕክምናም የቡድን ሥራ ነው። ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረቤቶች፣ የአምቡላንስ ሹፌር፣ ስልክ የሚደውል ጥበቃ፣ አዋላጇና ተቀባዩ ሆስፒታል አንድ ሰንሰለት ናቸው። በተራራማው የሰሜን ጎንደር አካባቢ መንገዱ ረጅም ነው፤ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግርም የአምቡላንስ ጉዞን ይበልጥ አክብዶታል። ሪፈር የሚዘገይ ከሆነ በጤና ጣቢያው ያለው እጅ የበለጠ መሥራት ይኖርበታል። ስለዚህ ልምምዱ አዋላጇን ለብቻዋ ሳይሆን ሰንሰለቱን በሙሉ ማካተት አለበት።

እርግጥ ነው፣ አሻንጉሊት ሁሉን አይፈታም። ኦክሲቶሲን በቅዝቃዜ ካልተያዘ ኃይሉን ያጣል፤ ደም፣ ጓንትና ነዳጅ በሌለበት ጥሩ እጅ ብቻውን አይበቃም። የበጀት ጥያቄም አለ። በሀገሪቱ ያሉ የክህሎት ቤተ ሙከራዎች የተጠናከሩት በአብዛኛው በውጭ ድጋፍ ነበር። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 መቋረጡ፣ ያረጀውን አምሳያ ማን ይተካዋል የሚለውን ጥያቄ ወደ ራሳችን አምጥቶታል። መልሱ ሁልጊዜ ውድ ዕቃ መግዛት አይደለም። በጨርቅና በስፖንጅ የተሰፋ ማሕፀን፣ በቀይ ቀለም የተቀባ ውኃና አንድ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ካሉ ልምምድ መጀመር ይቻላል። የሚያስፈልገው በሳምንቱ ውስጥ የተቆረጠ ሰዓትና የሚከታተል ኀላፊ ነው።

ይህ ደግሞ ነዋሪው ሊጠይቀው የሚችለው ነገር ነው። በቀበሌና በወረዳ የሕዝብ መድረኮች ላይ ስለ ጤና ጣቢያ ሲነሣ፣ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ሕንፃ፣ መድኃኒትና አምቡላንስ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚያ ጎን ሌላ ጥያቄ ይጨመር፦ ባለሙያዎቹ የደም መፍሰስን ለማቆም ለመጨረሻ ጊዜ የተለማመዱት መቼ ነው? ከጠዳም ሆነ ከሌላ ኮሌጅ የወጣች ወጣት አዋላጅ ይህን ጥያቄ እንደ ክስ ልታየው አይገባም፤ የምትለማመድበትን ጊዜና ዕቃ የሚያስገኝላት ጥያቄ ነውና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ስሕተት በአሻንጉሊቱ ላይ ሲሠራ ፈሳሹ ተጠርጎ ልምምዱ እንደገና ይጀመራል። በእናት ላይ ሲሠራ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም። «የተማረ ይግደለኝ» ላለ ሕዝብ የሚመጥነው መልስም የተማረውን ዕለት ዕለት የሚለማመድ ባለሙያ ማቅረብ ነው።