ሞተሩ የግል፣ ወንዙ የጋራ

የፎገራ አርሶ አደር ሩዙን ሰብስቦ ሲጨርስ ፊቱን ወደ ሽንኩርት ያዞራል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በጋ ሲገባ በዳርና ዳራቸው የውኃ መሳቢያ ሞተር ይደረደራል። ታኅሣሥ ላይ ጠብ የለም። የካቲትና መጋቢት ሲደርስ ግን ወንዙ ይቀጥናል፤ ከላይ ያለው ሲያጠጣ ከታች ላለው የሚተርፈው አሸዋ ነው።

ይህን የስግብግብነት ውጤት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለነዳጅ ገንዘቡን የጨረሰን ገበሬ፣ ሰብሉ እየጠወለገ ሞተሩን እንዲያጠፋ መምከር ቀላል አይደለም። እርሱ ቢያጠፋ ጎረቤቱ ውኃውን እንደሚስበው ያውቃል። ጎረቤቱም ስለ እርሱ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ለየራሳቸው ሲያሰሉ ትክክል ናቸው፤ ድምሩ ግን ወንዙን ያደርቃል። ስለዚህ ችግሩ በምክር ብቻ አይፈታም፤ ሁሉንም እኩል የሚያስር ደንብ ይፈልጋል።

ደንብ ማውጣት ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በወንፈል የሰው ማሳ ላይ ያልዋለ ለራሱ ማሳ ሰው አያገኝም። ዕድር የቀረውን አባል ይቀጣል። በጥንታዊ የቦይ መስኖም ተራ የሚያስጠብቅ የውኃ አባት አለ። እነዚህ የቆዩት አባላቱ ሁሉ ደጋግ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ደንቡን የጣሰ ሰው ስለሚታወቅና ስለሚቀጣ ነው። የኔፓልን የገበሬ መስኖዎች ያጠኑት አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2002 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡትና በሚቆጣጠሩት ሕግ የጋራ ሀብትን ማቆየት እንደሚችሉ በማሳየታቸው ነው።

ሀገራችንም ለዚህ ሕግ አላት። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበራቱን በሕግ አቁሟል። ነገር ግን ማኅበር በወረቀት ስለተቋቋመ ውኃ አይከፋፈልም። ወሳኙ ጥያቄ መቼ ይወሰን፣ እነማን ይወስኑ የሚለው ነው።

ጊዜው የሽንኩርቱ ችግኝ ከመደብ ሳይነሣ ነው። ማሳው ከተተከለ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ የጠብ ስብሰባ ይሆናል። ወንዙ በመጋቢት ስንት ማሳ እንደሚያጠጣ ካለፉት ዓመታት በመነሣት ገምቶ፣ የማሳ መጠንና የማጠጫ ቀን መመደብ ይቻላል። ተከላውን ማፈራረቅም ውኃውን ከማብቃቃት አልፎ፣ ሽንኩርቱ በአንድ ሳምንት ወረታ ገበያ ላይ ተከምሮ ዋጋው እንዳይወድቅ ያግዛል።

ወሳኞቹም ከላይም ከታችም ያሉ ተጠቃሚዎች ሊሆኑ ይገባል። የውኃ አባቱ ከላይኞቹ ብቻ ከተመረጠ ታችኛው አያምነውም። ቅጣቱም ከማኅበሩ መሪ ሞተር ካልጀመረ ማንም አይታዘዘውም።

የላይኛው ገበሬ በዚህ ስምምነት መጀመሪያ ላይ የተወሰነ ማሳ እንደሚያጣ መሸሸግ አያስፈልግም። ለምን ይስማማ ቢባል፣ ከላይ ነኝ የሚልም ከበላዩ ሌላ አለበት፤ ከፎገራ በላይ እስከ ጉና ድረስ ገበሬው ብዙ ነው። ዛሬ ለታችኛው ያልተወውን ውኃ ነገ ከላይኛው ሊጠይቅ አይችልም። የወረዳው ግብርና ባለሙያዎችም የሞተር ቁጥር ከመቁጠር አልፈው፣ ከላይና ከታች ያሉትን ቀበሌዎች በጊዜ አንድ ላይ ማስቀመጥ ይጠበቅባቸዋል።